«ኳይት ጉድ» ሲሏችሁ ቶሎ አትፈንጥዙ

ከእንግሊዞች ጋር የምትሠሩ ወይም የምትማሩ ይቺን ያዙልኝ። እንግሊዙ ሥራችሁን አይቶ «ኳይት ጉድ» (quite good) ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ግን ያን ያህልም አይደለም» ማለቱ ነው። ያው ቃል ከአሜሪካዊ አፍ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ጥሩ» ነው። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩን ያወሳሰበው «ኳይት» የሚለው ቃል ታሪክ ነው። ከላቲን ተነስቶ በድሮው ፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ የገባ ሲሆን፣ ጸጥታ የሚለው «ኳየት» እና መተው የሚለው «ክዊት» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው፤ መጀመሪያ «ነጻ፣ ከዕዳ የጸዳ» ማለት ነበር፣ ከዚያ «ሙሉ በሙሉ» ሆነ፣ «መጠነኛ» የሚለው ትርጉም የተጨመረው ብዙ ቆይቶ ነው።

ታዲያ እንዴት ትለያላችሁ? ከ«ኳይት» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እዩ። «የማይቻል» ወይም «ያለቀ» ዓይነት፣ ግማሽ የሌለው ቃል ከሆነ እንግሊዙም «ጨርሶ» ማለቱ ነው። «ጥሩ»፣ «ቆንጆ» ከሆነ ግን ጠርጥሩ። እናንተ ሰው ስታመሰግኑ ደግሞ ዝም ብላችሁ «ቬሪ ጉድ» በሉ፣ እሱን ማንም አይሳሳተውም።