የታዋቂ አትክልተኛን ግቢ ስንጠብቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤድዋርድ ኦገስተስ ቦልስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1865 ተወልዶ በ1954 እስኪሞት ድረስ የኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ሚድልተን ሃውስ ይባላል፤ በሰሜን ለንደን ጫፍ ኤንፊልድ ይገኛል። ቦልስ ካምብሪጅ የተማረው ሥነ መለኮት ነበር። አትክልትን የተማረው በራሱ እጅ ነው። ሳፍሮን የሚባለው ቅመም በሚወጣበት በክሮከስ ወገን ላይ ግን በዘመኑ ከእሱ የሚበልጥ አዋቂ ማግኘት ከባድ ነበር።

ዛሬ ቦታው በሊ ቫሊ ፓርክ አስተዳደር ሥር ነው። የቦልስን ስም የያዘ፣ በ1992 የተመሠረተ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበርም አለ። ግቢው ከሎተሪ ገቢ ለቅርስ በሚመደብ ፈንድ ድጋፍ ታድሶ በ2011 እንደገና ተከፍቷል። እንደዚህ ያለ ግቢ ላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ትጉህ ሰው ነው። ሰነፉማ ምን ይነካል?

ቶሎ ማጽዳት

ክሮከስ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ማብቂያ ላይ ከሣር መሃል ብቅ ይላል። አበባው ሲረግፍ ቀጫጭን ቅጠሎቹ ይንጨባረራሉ፤ ሜዳውም ያልተበጠረ ፀጉር ይመስላል። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ይህን ሲያይ እጁ ይበላዋል። የሣር ማጨጃ ማሽኑን አስነስቶ በአንድ ጠዋት ሙልጭ አድርጎ ያጭደዋል። ችግሩ ተክሉ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ መሬት ውስጥ የሚያከማቸው በእነዚያ ቅጠሎች መሆኑ ነው። ዘንድሮ የታጨደው በሚቀጥለው ዓመት አበባው ይሳሳል። ደጋግመው ካጨዱት ይጠፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ እስኪወድቅ ጠብቁ። ጎብኚ «ምነው ግቢው ችላ ተባለ?» ቢል መልሱን ታፔላ ላይ ጻፉለት። በመከር የሚያብቡ የክሮከስ ዓይነቶችም ስላሉ፣ የሙቀቱ ወራት ማብቂያ ላይ ማሽኑ እንደገና ማረፍ አለበት። የቀን መቁጠሪያ አውጥታችሁ ማሽኑ ያለበት መጋዘን በር ላይ ለጥፉ።

ስሙን ከተክሉ መነጠል

በቦልስ ስም የሚጠሩ ተክሎች ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱ ቦልስ ራሱ በምሥራቅ እንግሊዝ ካለው ከኖርፎክ ረግረግ ያገኘው ወርቃማ ቀጠማ ነው። ይህን ተክል በዘር አራብቶ የቦልስን ስም መስጠት ስህተት ነው፤ ከዘር የሚበቅለው እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል። ሥሩን ከፍሎ መትከል ነው የሚያዛልቀው። የቦልስ ሐምራዊ የሚባለው አበባ ደግሞ ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል፤ ዕድሜውም ጥቂት ዓመት ነው። ቅርንጫፉን ቆርጦ በየጊዜው ካልተተከለ ያልቃል። ከየተክሉ ሁለት ሦስት በአባላት ቤትም ይኑር። ቦልስ ራሱ ተክል በመስጠት የታወቀ ሰው ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ የቀረ ተክል አንድ ክፉ ውርጭ ይበቃዋል።

የሚገርመውን ማቃናት

ቦልስ ያልተለመዱ ተክሎችን ሰብስቦ የተከለበት ጥግ ነበረው፤ በቀልድ «የእብዶች ቤት» ይለው ነበር። እዚያ ካሉት ውስጥ ቅርንጫፉ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ሃዘል ይገኛል። ይህ ዓይነቱ ዛፍ ብዙ ጊዜ የሚራባው በተራ ሃዘል ላይ ተቀጥሎ ነው። ከሥር የሚያቆጠቁጠው ቀጥ ያለ፣ ጤናማ የሚመስል ቅርንጫፍ የተራው ሃዘል ነው። «አማረበት» ብላችሁ ከተዋችሁት ጠማማውን ውጦ ያስቀራል። እንግዲህ እዚህ ቦታ መቆረጥ ያለበት ቀጥ ያለው ነው!

ሰዎቹን መርሳት

ቦልስ ሚስት አላገባም። የአካባቢው ልጆች ግን እየመጡ ግቢውን ያግዙት ነበር፤ እሱም ያስተምራቸው ነበር። ከሞተ 70 ዓመት አልፏል። እንዲህ ያለውን አትክልተኛ በሚያውቁ ሰዎች መሃል የምትሠሩ ከሆነ ድምፃቸውን ዛሬ ቅረጹ፤ አጥሩ ይቆይ። የት ጋ ምን እንደተተከለ ከማንኛውም ሰነድ በተሻለ የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

የባለቤትነቱ ነገር አጭር ነው። መሬቱ የማኅበሩ ካልሆነ፣ ማን ምን እንደሚቆርጥ በጽሑፍ ተስማሙ። በቃል የተባለ ነገር አስተዳዳሪ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ካርታ ላይ ሁሉን ማሳየት

ይህን ብዙዎች ቀላል አድርገው ያዩታል። ቦልስ ይወደው የነበረው ሌላ አበባ፣ ስኖውድሮፕ፣ ዛሬ የሰብሳቢዎች ገበያ አለው። በ2022 የአንድ ብርቅ ዓይነት አንድ ፍሬ ሥር በ1,850 ፓውንድ ተሸጧል። በእንግሊዝ ግቢዎች በሌሊት እየተቆፈረ መሰረቁ ያልተሰማ ነገር አይደለም። ለጎብኚ በሚታደለው ካርታ ላይ «የብርድ ወራት አበቦች» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ስምና ትክክለኛ ቦታ የያዘው መዝገብ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጥ፤ ቅጂው ደግሞ ሌላ አባል ቤት።