መጠይቁ ባዶ ይመልሳል፣ ስህተት ግን የለም፦ በዳታቤዝ የተቀመጠ ኤክስኤምኤል ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሰነዱ በትክክል የተዋቀረ መሆኑን አረጋግጦ፣ የዓምዱን ስም ሳይሳሳት ጽፎ፣ የማንበብ ፈቃድም ኖሮት ነገሩ አልሠራ ላለው ሰው ነው። ምሳሌዎቹ ከፖስትግሬስና ከኤስኪውኤል ሰርቨር የተወሰዱ ናቸው፤ ደጋግሜ የጠገንኩት በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነውና።

ምልክት፦ መጠይቁ ስህተት ሳይናገር ባዶ ይመልሳል

ከሚቀርቡልኝ አቤቱታዎች ውስጥ እንደዚህ የሚደጋገም የለም። ሰነዱን ከፍተው ሲያዩት <ዕቃ> የሚለው ኤለመንት በግልጽ ተቀምጧል፤ /ትዕዛዝ/ዕቃ ብለው ሲጠይቁ ግን ፖስትግሬስ ባዶ ድርድር (የዋጋዎች ዝርዝር)፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ነል (ዋጋ የለም የሚል ምልክት) ይመልሳል። የስህተት መልእክትም ሆነ ማስጠንቀቂያ አይታይም።

መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ነባሪው ኔምስፔስ ነው፤ ኔምስፔስ ተመሳሳይ ስሞች እንዳይምታቱ የሚለያቸው፣ አድራሻ የሚመስል የቤተሰብ ስም ነው። በስር ኤለመንቱ (ሌሎቹን ሁሉ በያዘው) ላይ ኤክስኤምኤልኤንኤስ የሚል መግለጫ ካለ፣ ከሥሩ ያሉት ቅድመ ቅጥያ (ከስሙ በፊት በሁለት ነጥብ የሚለይ አጭር መጠሪያ) የሌላቸው ኤለመንቶች በሙሉ የዚያ ኔምስፔስ አባላት ይሆናሉ። በ1999 የወጣው ኤክስፓዝ 1.0፣ ማለትም የሰነድን ክፍል በዱካ የሚጠይቁበት ቋንቋ፣ ግን በመጠይቅ ውስጥ ያለ ቅድመ ቅጥያ የተጻፈን ስም የሚረዳው «ኔምስፔስ የሌለው» ብሎ ነው። ስለዚህ በሰነዱ ያለው ዕቃና በመጠይቁ ያለው ዕቃ ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም ግን የተለያየ ነው፤ ዳታቤዙ የተጠየቀውን ፈልጎ አጥቷል እንጂ አልተበላሸም።

ከመገመት በፊት ሰነዶቹን ራሳቸውን ይጠይቁ። ኔምስፔስ-ዩአርአይ የተባለውን ፈንክሽን በስር ኤለመንቱ ላይ አስኪደው፣ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ለውጠው፣ በየዓይነቱ ስንት ረድፍ እንዳለ ይቁጠሩ። ሁሉም ሰው «አንድ ኔምስፔስ ብቻ ነው ያለን» ብሎ በማለበት ሰንጠረዥ ውስጥ ሦስት አግኝቻለሁ፦ በ1 የሚያልቅ የድሮ እትም፣ በ2 የሚያልቅ አዲስ እትም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአዲሱ እትም መጨረሻ ላይ አንድ እዝባር የጨመረ። ላኪው ክፍል እትሙን የቀየረው ለማንም ሳይናገር ነበር፤ ሪፖርቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ሁለት ቀን ሙሉ ሲመረመር የቆየው ኔትወርኩ ነው።

መፍትሄው በፖስትግሬስ ለኤክስፓዝ ፈንክሽን ሦስተኛ ግቤት መስጠት ነው፤ ይህም ቅድመ ቅጥያንና ሙሉ የኔምስፔስ አድራሻን ያጣመረ ድርድር ነው። ቅድመ ቅጥያው የራስዎ ምርጫ ስለሆነ ሰነዱ ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰል የለበትም፤ መመሳሰል ያለበት አድራሻው ብቻ ነው። ዱካውም /ት:ትዕዛዝ/ት:ዕቃ ይሆናል። የመጀመሪያውን ደረጃ አስተካክሎ ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ቅድመ ቅጥያው በእያንዳንዱ ኤለመንት ላይ መግባት አለበት። ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ የመጣው፣ ሰነዱን ወደ ረድፍና ዓምድ የሚበትነው ኤክስኤምኤልቴብል ኔምስፔሶችን የሚያስታውቁበት የራሱ ሐረግ አለው፤ ነባሪ ኔምስፔስ ግን በዚያም አይቀበልምና ቅድመ ቅጥያ መስጠት ግዴታ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚከተለው ኤክስኪውሪ የተባለውን የመጠይቅ ቋንቋ ስለሆነ ዊዝ ኤክስኤምኤልኔምስፔስስ በሚለው መግለጫ ነባሪውን ራሱን ማስታወቅ ይቻላል፣ ዱካውም ሳይነካ ይቀራል። እዚያ ላይ ከመግለጫው በፊት ያለው ትእዛዝ በሴሚኮለን ካልተዘጋ የአገባብ ስህተት ይወጣል።

አድራሻው የኢንተርኔት አድራሻ ቢመስልም ማንም አይከፍተውም፤ ፊደል በፊደል የሚነጻጸር ስም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ «ደኅንነትን ለማሻሻል» በሚል በኮዱ ሁሉ ውስጥ ያለው ኤችቲቲፒ በአንድ ፍለጋና ምትክ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ተቀየረ። ኔምስፔሶቹም አብረው ተቀየሩ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጠይቆች በጸጥታ ባዶ ይመልሱ ጀመር። አንዲት የስህተት መልእክት እንኳ በመዝገቡ ላይ አልነበረችም።

አትሪቢዩት (በኤለመንቱ መክፈቻ ውስጥ የሚጻፍ ስምና ዋጋ) ላይ ቅድመ ቅጥያ አይጨምሩ። ነባሪ ኔምስፔስ አትሪቢዩቶችን አይመለከትም፤ ስለዚህ ትክክለኛው /ት:ትዕዛዝ/@ቁጥር ነው። ኤለመንቱን ካስተካከሉ በኋላ በደስታ @ት:ቁጥር ብለው ጽፈው እንደገና ባዶ ያገኙ ሰዎች «ኔምስፔሱን አስተካክለነዋል እኮ» እያሉ ይመለሳሉ።

ከዚህ የከፋው የላይኛው ግማሽ ተገኝቶ የታችኛው ሲጠፋ ነው። በጥድፊያ የተጻፈ ፕሮግራም ልጅ ኤለመንትን ያለ ኔምስፔስ ፈጥሮ ኔምስፔስ ካለው ወላጅ ሥር ሲሰካው፣ ሰነዱን የሚጽፈው ላይብረሪ በዚያ ልጅ ላይ ባዶ የኤክስኤምኤልኤንኤስ መግለጫ ያስገባል። ከዚያች ነጥብ ወዲያ ያለው ሁሉ ኔምስፔስ የለውም። መግለጫዋ የባዶ ጥቅስ ምልክት ብቻ ስለሆነች ዓይን በቀላሉ ያልፋታል፤ እኔም ሦስት ሰዓት ያህል አልፌያታለሁ። መጠይቁን ከማጣመምዎ በፊት ሰነዱን የሚያመርተው ፕሮግራም እንዲታረም ይጠይቁ፤ የተከማቸውን ለማንበብ ብቻ ዱካውን ከፊሉን በቅድመ ቅጥያ፣ ከፊሉን ያለ ቅድመ ቅጥያ ይጻፉ።

ብዙዎች ይህን ሁሉ ሸሽተው ሎካል-ኔም በተባለው ፈንክሽን የኤለመንቱን ስም ብቻ ያነጻጽራሉ። አንድን ሰነድ ለአንድ አፍታ ለማየት ነውር የለውም፤ በየቀኑ በሚሠራ መጠይቅ ውስጥ ግን አልደግፈውም። አንድ የሒሳብ ሪፖርት ድምሩ እጥፍ ሆኖብን ስንፈትሽ፣ ሰነዱ ውስጥ ሁለት <መጠን> ነበሩ፤ አንዱ የዋጋው፣ ሌላው በተለየ ኔምስፔስ የተጨመረ የክፍያ ማረጋገጫው። ኔምስፔስ የተፈጠረው ሁለቱን ለመለየት ነበር፤ መጠይቁ ግን መለያውን ራሱ ጥሎት ሁለቱንም ደመራቸው። ኢንዴክሱም (ፍለጋን የሚያፋጥነው ማውጫ) ከእንዲህ ያለ ዱካ ጋር እምብዛም አይስማማም።

ለፖስትግሬስ ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ የኤክስፓዝ ፈንክሽን ምንም ሳያገኝ ሲቀር የሚመልሰው ባዶ ድርድር ነል አይደለም። ስለዚህ «ነል ያልሆነ» የሚል ማጣሪያ ሰነድ ያለበትን ረድፍ ሁሉ ያሳልፋል። የድርድሩን 1ኛ አባል አውጥተው እርሱን ይፈትሹ፣ ወይም ለመኖሩ ብቻ ከሆነ ኤክስፓዝ-ኤግዚስትስን ይጠቀሙ።

ምልክት፦ ኢንዴክስ ተሠርቷል፣ መጠይቁ ግን አሁንም ይጎተታል

ከዚህ በፊት ግን ተቃራኒውን ልናገር። አንድ ባልደረባዬ በፖስትግሬስ ኢንዴክስ ሠርቶ «ይጎተት የነበረው መጠይቅ አሁን በቅጽበት ይመልሳል» ብሎ ሲጠራኝ መጠይቁ በእርግጥም ፈጣን ነበር፤ የሚመልሰው ረድፍ ግን አልነበረም። ኢንዴክሱም ሆነ መጠይቁ የተጻፉት ያለ ኔምስፔስ ስለነበር በኢንዴክሱ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ነል ነው። ከመሥራትዎ በፊት ያንኑ አገላለጽ በ10 ረድፎች ላይ አስኪደው ዋጋ መመለሱን በዓይንዎ ይዩ።

በፖስትግሬስ የኤክስኤምኤል ዓይነት ማነጻጸሪያ ስለሌለው ዓምዱን በቀጥታ ኢንዴክስ ማድረግ አይቻልም፤ የሚሠራው በአገላለጽ ላይ ነው፦ የኤክስፓዝን ውጤት 1ኛ አባል ወደ ጽሑፍ ለውጦ። መጠይቁ ውስጥ ያለው አገላለጽ ከኢንዴክሱ ጋር አንድ ካልሆነ ኢንዴክሱ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የተለየ ቅድመ ቅጥያ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ ብቻውን ይበቃል። ዓምዱ በተራ ጽሑፍ ዓይነት ተሠርቶ በኢንዴክሱ ውስጥ ወደ ኤክስኤምኤል ከተለወጠ ደግሞ ፈንክሽኑ «የማይለዋወጥ» መሆን አለበት የሚል ስህተት ይወጣል፤ ያ ለውጥ በሴሽኑ ቅንብር ላይ ስለሚመረኮዝ ነው። አንዳንዶች በራሳቸው ፈንክሽን ጠቅልለው «የማይለዋወጥ» ብለው በመፈረም ያልፉታል፤ ዓምዱን ወደ ኤክስኤምኤል ዓይነት መቀየር ይሻላል። ከ2,700 ባይት ገደማ የሚረዝም ዋጋ በቢ-ትሪ፣ ማለትም በተለመደው የኢንዴክስ ዓይነት፣ አይገባምና ረጅም መግለጫ የያዘን ኤለመንት ለኢንዴክስ አይምረጡ፤ አለዚያ አዲስ ረድፍ ማስገባቱ ራሱ አንድ ቀን እምቢ ይላል።

ፖስትግሬስ ሰነዱን የሚያስቀምጠው በጽሑፍነቱ ስለሆነ እያንዳንዱ የኤክስፓዝ ጥሪ ሰነዱን ከራሱ እስከ ጅራቱ እንደገና ይተነትናል። ከአንድ ረድፍ ስምንት ዋጋ ለማውጣት ስምንት ጊዜ መጥራት ስምንት ጊዜ መተንተን ነው፤ ኤክስኤምኤልቴብል በአንድ ጊዜ ያወጣቸዋል።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ነገሩ ሌላ ነው። ዋናው የኤክስኤምኤል ኢንዴክስ እያንዳንዱን ኤለመንት፣ አትሪቢዩትና ጽሑፍ በውስጣዊ ሰንጠረዥ የየራሱ ረድፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከሰነዶቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ሰንጠረዡ ክላስተርድ ዋና ቁልፍ (ረድፎቹ በእርሱ ቅደም ተከተል የሚቀመጡበት) ከሌለው ጨርሶ አይፈጠርም። ዋናውን ሠርቶ ከሁለተኛ ደረጃዎቹ፣ ማለትም ከፓዝ፣ ከቫልዩና ከፕሮፐርቲ፣ የሚስማማውን አለመጨመር የተለመደ ግድፈት ነው። የሚጠየቁት ዱካዎች ጥቂትና የታወቁ ከሆኑ ከ2012 ሰርቪስ ፓክ 1 ጀምሮ ያለው መራጭ ኢንዴክስ ቦታም ይቆጥባል፣ ይፈጥናልም። ከዚያ መጠይቁን ይመልከቱ፦ ማጣሪያው ቫልዩ በሚለው ሜተድ ከተጻፈ ወደ ኤግዚስት ይለውጡት፤ // ካለ ሙሉውን ዱካ ይጻፉ፤ ወደ ወላጅ የሚመለስ ሁለት ነጥብ (..) ካለ ከወላጁ ተነሥቶ እንዲወርድ አድርገው እንደገና ይጻፉት።

በየመጠይቁ የሚፈለግ ዋጋ፣ ለምሳሌ የትዕዛዝ ቁጥርና ቀን፣ ሰነዱ ሲገባ ተነቅሶ በራሱ ተራ ዓምድ ይቀመጥ፤ ይህ ከማንኛውም የኤክስኤምኤል ኢንዴክስ ይልቃል። በፖስትግሬስ ከ12ኛው እትም ጀምሮ የሚመነጭ ዓምድ ይህን ራሱ ይሠራል። በኤስኪውኤል ሰርቨር የኤክስኤምኤል ሜተዶች በሚሰላ ዓምድ ውስጥ በቀጥታ ስለማይፈቀዱ በፈንክሽን መጠቅለል ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ኢንኮዲንጉን መቀየር አልተቻለም የሚል ስህተት፣ ወይም ፊደሎች ወደ ጥያቄ ምልክት መቀየር

ሰነዱ በመጀመሪያ መስመሩ ባለው የኤክስኤምኤል መግለጫ ኢንኮዲንጉን (ፊደሎች ወደ ባይት የሚለወጡበትን ስልት) ሲናገር «ዩቲኤፍ-8 ነኝ» እያለ በኤስኪውኤል ሰርቨር በዩኒኮድ ጽሑፍነት፣ ማለትም በኤንቫርቻር፣ ሲቀርብ ጽሑፉ አስቀድሞ ዩቲኤፍ-16 ስለሆነ ይጣላል። ሰዎች ይህን ለማምለጥ ከጽሑፉ ፊት ያለችውን የኤን ፊደል ያነሣሉ፤ ስህተቱ ይጠፋል፣ አብረውት ግን የግዕዝ ፊደሎቹ ሁሉ ???? ሆነው ይቀራሉ፤ አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ አይመለሱም። መፍትሄው ሰነዱን በባይትነቱ ማቅረብ ነው፤ ተንታኙ መግለጫውን ራሱ አንብቦ ይተረጉመዋል። መግለጫው ከሰነዱ መጀመሪያ ላይ አይደለም የሚል ስህተት ከመጣ ግን ከፊቱ ባዶ መስመር ወይም ክፍት ቦታ ቀድሞ ገብቷል።

ምልክት፦ ተመልሶ የወጣው ሰነድ ፊርማው አልጸና አለ

የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስኤምኤል ዓይነት ይዘቱን እንጂ ባይቶቹን አይጠብቅም፤ መግለጫውን ይጥላል፣ በኤለመንቶች መካከል ያሉ ክፍት ቦታዎችንም በነባሪ ያስወግዳል። ዲጂታል ፊርማ ክፍት ቦታን ስለሚቆጥር የተፈረመ ሰነድ ከዚህ ዓምድ ሲወጣ ሐሰተኛ ይመስላል። አንድ ላኪ «ሰነዳችንን ነካክታችኋል» ብሎ በጽሑፍ ከሶናል፤ ከሳሹም ልክ ነበር። የተፈረመውን ሰነድ በቫርባይነሪ ዓምድ እንዳለ ያስቀምጡ፣ ለመጠይቅ የሚሆነውን ቅጂ ከጎኑ ያድርጉ።

ጥቃቅኖቹ

በኤስኪውኤል ሰርቨር ቫልዩ የሚለው ሜተድ «አንድ ብቻ እፈልጋለሁ» የሚል ስህተት 2389 ሲሰጥ ቅንፉን ይመልከቱ፦ የሚያስፈልገው (/ትዕዛዝ/ዕቃ/ስም)[1] ነው፤ ያለ ቅንፍ የተጻፈው ከየዕቃው የመጀመሪያውን ስም ስለሚል አሁንም ብዙ ነው። ይሁንና [1] ስህተቱን ሲያጠፋ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዕቃም አብሮ ይሰውራል፤ ዕቃዎቹ ብዙ ከሆኑ ኖድስ በሚለው ሜተድ ወደ ረድፍ ይበትኗቸው።

የኤክስኤምኤል ኢንዴክስ ከተሠራ በኋላ ለዓመታት የሠራ የማስገቢያ ስክሪፕት በስህተት 1934 ከወደቀ፣ ኮትድ አይደንቲፋየር የሚለው ቅንብር ጠፍቷል ማለት ነው፤ የትእዛዝ መስመር መሣሪያው ኤስኪውኤልሲኤምዲ በነባሪ ያጠፋዋልና በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ያብሩት። ከ128 ደረጃ በላይ የጠለቀ ሰነድ ኤስኪውኤል ሰርቨር አይቀበልም፤ ያጋጠመኝ አንድ ጊዜ ነው፣ እርሱም ራሱን በራሱ ውስጥ እየጠቀለለ ከሚጽፍ ብልሹ ፕሮግራም የመጣ ነበር።