ዌት ፍላይ ስትሠሩ ክሩን በጧፍ እሹት

ዌት ፍላይ (መንጠቆ ላይ በክርና በፀጉር የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሠራሽ ዝንብ) በእጃችሁ የምትሠሩ፣ የበግ ፀጉሩ ክሩ ላይ አልይዝ ብሎ እየተንሸራተተ ካስቸገራችሁ መላው ቅርብ ነው። ክሩን በጧፍ እሹት። ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ ከሚሸጠው አንድ ቁራጭ ለብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጧፉን መጀመሪያ መዳፋችሁ ውስጥ ጨብጣችሁ አሙቁት። በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ሰሙ ደረቅ ይላል። ከዚያ ከመንጠቆው የሚወርደውን ክር፣ አንድ ስንዝር ያህሉን፣ ቶሎ ቶሎ እሹበት። ፀጉሩን በጣም አሳስታችሁ በሁለት ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ፍተሉት። ክሩ ከሥር መታየት አለበት፤ ስስ ጭጋግ የለበሰ ይምሰል። ፀጉሩ ከበዛ ዝንቡ ይወፍርና ቶሎ አይሰምጥም፤ የዌት ፍላይ ሥራው ደግሞ ከውሃ በታች ነው።

የማር ሰም ስለሚጣበቅ ፀጉሩን ይይዛል፣ ክሩም መንጠቆው ላይ አይላላም። ፓራፊን የሚባለው የፋብሪካ ሰም ግን ያንሸራትታል። ስለዚህ ስትገዙ አሽትቱት፤ ማር ማር የሚለውን፣ በጣት ሲጫኑት እሺ የሚለውን ምረጡ። እየተፈረፈረ የሚራገፈውን ተዉት።

ሰም ቢጫ የሐር ክርን ያጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1854 በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር ላለው ለትዊድ ወንዝ የተሠራው፣ ግሪንዌልስ ግሎሪ የሚባለው ዝንብ ላይ ቢጫው ክር ሆን ተብሎ በጫማ ሰፊ ሰም ይጠቁራል፤ ወይራማ መልኩ የሚያምረውም በዚህ ነው። ደማቅ ቀለም ለሚፈልግ ዝንብ ግን ሰም አትንኩ። ጭንቅላቱን ቫርኒሽ የምትቀቡ ከሆነም የመጨረሻዎቹን ዙሮች ያለ ሰም ጠቅልሉ፤ ሰም የጠጣ ክር ቫርኒሽ በደንብ አያስገባም።