የጨርቅ ማለስለሻና ማጠንከሪያ ኬሚካሎች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጨርቁ አልለሰለሰም ወይም ነጠብጣብ ያዘ የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወቀሰው የማለስለሻው በርሜል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ጨርቁ ከማንጫና ከማቅለሚያ ክፍል ይዞት የመጣው ቅሪት ነው። የፓደሩ (ጨርቁን በኬሚካል ገንዳ ነክሮ በሮለር የሚጨምቀው ማሽን) ግፊት፣ የስቴንተሩ (ጨርቁን ወጥሮ በሙቅ አየር የሚያደርቀው ማሽን) ሙቀትና የኬሚካሉ የመጠቀሚያ ጊዜ አስቀድመው ታይተዋል ብለን እንጀምራለን።

ከስቴንተር ሲወጣ የሚሻክር ጨርቅ

ጥጥ በተለመደ የአየር እርጥበት ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ የሚሆን ውሃ ይይዛል። ከዚህ በታች ከደረቀ፣ ምንም ያህል ማለስለሻ ቢገባበት፣ ሲዳሰስ ይሻክራል። ናሙናውን ከማሽኑ አርቆ ለጥቂት ሰዓታት መዘርጋትና ከዚያ በኋላ መዳሰስ ይገባል። ያን ጊዜ ከለሰለሰ መፍትሄው የስቴንተሩን ፍጥነት መጨመር ወይም ሙቀቱን መቀነስ እንጂ ኬሚካል መጨመር አይደለም። በማሽኑ አፍ ላይ ቆሞ ትኩሱን ጨርቅ በመዳፍ እየዳሰሱ የኬሚካሉን መጠን የመወሰን ልማድ ብዙ ገንዘብ አባክኗል።

ነጠብጣብ፣ በሮለር ላይ የሚጋገር ዝቃጭና ወጥ ያልሆነ ልስላሴ

ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። ቀለም በተነከረ የጥጥ ጨርቅ ላይ ዘይት የነካቸው የሚመስሉ፣ ከዙሪያቸው ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። በፓደሩ ሮለር ጠርዝ ላይ የሚያጣብቅ ነጭ ዝቃጭ ይጋገራል፣ በገንዳው ፈሳሽ ላይም ስስ ቅባት ይንሳፈፋል። የጥቅሉ መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ መጨረሻው ሊሻክር ይችላል።

አሚኖ ሲሊኮን የተባለው የተለመደ ማለስለሻ በውሃ ውስጥ የሚቆየው በጥቃቅን ጠብታዎች ተበታትኖ ነው። ጠብታዎቹ ተጋጥመው ዘይት እንዳይሆኑ ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ የአሚን ቡድኖቹ በመጠኑ አሲዳማ በሆነ ውሃ ውስጥ የሚይዙት አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ፈሳሹ ወደ አልካሊ ሲያዘነብል ይህ ሙል ይጠፋል፤ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፤ የተገናኘው ዘይት በሮለሩ አማካይነት በጨርቁ ላይ ይታተማል። በሪአክቲቭ ቀለም የተነከረ ጥጥ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) 11 አካባቢ በሚደርስ የሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ፈሳሽ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ እጥበቱና ገለልተኛ የማድረጉ ሥራ ከተጓደለ አልካሊውን በክሩ ውስጥ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ሜትር ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ የገንዳውን ፒኤች ከፍ ስለሚያደርገው፣ ችግሩ ሥራው ሲጀመር ሳይሆን ከመሃል በኋላ ይገለጣል። ጥቅሉ መጨረሻው ላይ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍተሻው ቀላል ቢሆንም በብዙ ቦታ የሚደረገው በተሳሳተ መንገድ ነው። የመጨረሻውን የእጥበት ውሃ ፒኤች መለካት ስለ ውሃው ይናገራል እንጂ በክሩ እምብርት ውስጥ ስላለው አልካሊ አይናገርም። በፌኖልፍታሊን መተማመንም አያዋጣም፤ ይህ ጠቋሚ ፒኤች 8.2 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ቀለም የማያሳይ በመሆኑ፣ «አልቀላም፣ ስለዚህ ገለልተኛ ነው» የሚለው ድምዳሜ ስህተት ነው። ትክክለኛው አሠራር ጨርቁን ጨምቆ፣ ወፈር ባለው ክፍሉ ወይም በስፌቱ ላይ የዩኒቨርሳል ጠቋሚ ጠብታ ማሳረፍና ጠብታው እስኪሰርግ ጠብቆ ቀለሙን ማንበብ ነው። ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ደረጃ ተስማሚ ነው። ከዚህ በላይ ከሆነ ጨርቁ በአሴቲክ አሲድ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲዞር ተደርጎ እንደገና ይፈተሻል።

በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው። የአካባቢው ውሃ በአብዛኛው ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ በዚያው ሸለቆ በአብያታ ሐይቅ ዳር ሶዳ አሽ መመረቱን ማስታወስ ይበቃል። ባይካርቦኔቱ በክሩ ውስጥ ቀርቶ በማድረቂያው ሙቀት ወደ ካርቦኔት ስለሚለወጥ፣ እርጥብ ሳለ ፒኤቹ 7 የነበረ ጨርቅ ደርቆ ሲለካ 9 ሊሆን ይችላል። በአንድ ማቅለሚያ ቤት ገለልተኛ መሆኑ በእርጥቡ የተረጋገጠ ሹራብ ጨርቅ ደርቆ ወደ ፓደር በገባ ቁጥር ገንዳው ይበላሽ ነበር፤ ሦስት አቅራቢ ተቀያይሮ ነጠብጣቡ አልተቀየረም። ቁራጭ ጨርቅ በዚያው ውሃ ነክሮ፣ በካውያ አድርቆ፣ በጥቂት የተጣራ ውሃ አርሶ ጠቋሚ ማሳረፍ ብቻ ምስጢሩን አወጣው። በእንዲህ ያለ ቦታ አሴቲክ አሲድ ብቻውን አይበቃም፤ በሙቀት ይተንናልና። በመጨረሻው እጥበት በመጠኑ የሚለካ ሲትሪክ አሲድ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ የፒኤች ማረጋጊያ ይጨመራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ርካሽ ነው ተብሎ በሰልፈሪክ አሲድ፣ ይባስ ብሎም በባትሪ አሲድ ጥጥ ገለልተኛ የሚያደርጉ አሉ። ይህ አሲድ አይተንም፤ ጨርቁ ሲደርቅ እየጠነከረ ሄዶ የጥጡን ሴሉሎስ ይበላዋል። በእጅ ሲጎተት እንደ ወረቀት የሚቀደድ ጨርቅ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ የተበላ ጥጥ ደግሞ ጥገና የለውም።

ሁለተኛው ቅሪት ሳሙና ነው። ካታዮኒክ ማለስለሻና አሚኖ ሲሊኮን አዎንታዊ ሙል ሲኖራቸው፣ ከቀለም በኋላ የሚገባው ማጠቢያ በአብዛኛው አናዮኒክ፣ ማለትም አሉታዊ ሙል ያለው፣ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራሉ። ከታጠበው ጨርቅ የተጨመቀ ውሃ በብርጭቆ ይዞ የማለስለሻ ጠብታ መጨመር በቂ ምርመራ ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ብጣቂ ከሠራ ጨርቁ ገና አልታጠበም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ጠንካራ ውሃ ካልሲየሙም ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ዝቃጩን ያበዛዋል፤ የውሃ ማለዘቢያው በአግባቡ መሥራቱን ሳያዩ ኬሚካል መቀየር ከንቱ ድካም ነው።

ነጠብጣብ በያዘ ጨርቅ ላይ ተጨማሪ ማለስለሻ መደረብ ፈጽሞ አይገባም። ኖንአዮኒክ ኢመልሲፋየር (ሙል የሌለው፣ ዘይትን በውሃ ውስጥ የሚበትን ኬሚካል) ከጥቂት ሶዳ አሽ ጋር ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለ ሙቀት አሽከርክሮ ማንሳት፣ አጥቦ ገለልተኛ ማድረግና እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል። ሙቅ አልካሊ ቀለሙን ሊያነሳው ስለሚችል በትንሽ ቁራጭ መሞከር ግዴታ ነው፤ በስቴንተር ሙቀት የጠነከረ ሲሊኮንም በቆየ ቁጥር እምቢ ይላል።

ወተት መሳዩ ማክሮ ኢመልሽን (ጠብታዎቹ ተለቅ ያሉ የሲሊኮን ፈሳሽ) በጄት ማሽን (ጨርቁን በፈሳሽ ግፊት በሚያዞረው ማሽን) ፓምፕ ተመትቶ ስለሚሰበር ለጄት ጠብታዎቹ እጅግ ጥቃቅን የሆኑት ግልጽ ማይክሮ ኢመልሽን ይመረጣል።

የቀጠነ በርሜል

ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ልስላሴው ካነሰ፣ የዚያን ጊዜ በርሜሉን መጠርጠር ተገቢ ነው። «ሲሊኮን» ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ በውስጡ ያለው ጠጣር ነገር ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል፤ ውሃ በሲሊኮን ዋጋ መሸጥ የተለመደ ንግድ ሆኗል። 5 ግራም ናሙና በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማድረቅና የቀረውን መመዘን ነው። 0.5 ግራም ብቻ ከቀረ ጠጣሩ 10 በመቶ ነው። ፓደሩ ከጨርቁ ክብደት 70 በመቶ ፈሳሽ የሚያስይዝ ከሆነ፣ 20 ግራም በሊትር የተደረገው በኪሎ ጨርቅ 14 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ እውነተኛው ማለስለሻ 1.4 ግራም ነው ማለት ነው። ይህን ስሌት ለሻጩ ማሳየት ከክርክር ይሻላል።

የሚወይብ ነጭ

ካታዮኒክ ማለስለሻ ከኦፕቲካል ብራይትነር (ነጭን ይበልጥ ከሚያደምቅ ኬሚካል) ጋር ተጣልቶ ንጣቱን ያፈዘዋል፤ የተለመደው አሚኖ ሲሊኮንም በከፍተኛ ሙቀት አሚኑ ኦክሳይድ ሆኖ ይወይባል። ለነጭ ጨርቅ ኖንአዮኒክ ማለስለሻ ወይም የማይወይብ ሲሊኮን ተመርጦ ሙቀቱ ይቀነሳል። በመጋዘን ቆይቶ በላስቲክ ከረጢቱ እጥፋት ላይ ብቻ የሚወይብ ከሆነ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በላስቲኩ ውስጥ ያለው ቢኤችቲ (ላስቲክ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) ከናይትሮጂን ኦክሳይድ ጭስ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ቢጫ ቀለም ነው።

ውሃ የማይጠጣ ፎጣ

ተራ ሲሊኮን ውሃ ይገፋል። የውሃ ጠብታ በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልሰረገ ሃይድሮፊሊክ (ውሃ ወዳጅ) ወደሚባለው ዓይነት መቀየር ያስፈልጋል።

ያለ ልክ የሚገተር ወይም ቶሎ የሚልም ጨርቅ

ለስላሳ መሆን የነበረበት ጨርቅ ገትሮ ሲመጣ፣ የአዮዲን ጠብታ ሰማያዊ ካደረገው ለሽመና የገባው ስታርች አልወጣም ማለት ነው። ማለስለሻውን እጥፍ ድርብ ማድረግ ስታርቹን አያነሳውም፤ በአሚሌዝ ኢንዛይም ዲሳይዝ መደረግ፣ ማለትም ስታርቹ ተሰባብሮ መታጠብ፣ አለበት።

ሆን ተብሎ ስታርች ሲሰጥ የሚታየው እንከን በአብዛኛው የማብሰል ችግር ነው። ዱቄቱ በቀጥታ ሙቅ ውሃ ላይ ሲነሰነስ እንደ ጓጎለ ገንፎ ይሆንና በጨርቁ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ እያማሰሉ እስከ 90 ዲግሪ ማድረስ፣ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየትና በሙቁ መጠቀም ያስፈልጋል። አድሮ የረጋውን አሙቆ መልሶ መጠቀም ክልክል ነው።

በፖሊቪኒል አሲቴት የተጠናከረ ኮሌታ አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ድሬዳዋ ሲደርስ የሚልመው፣ ይህ ፖሊመር 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ስለሚጀምር ነው፤ ከዚህ በእጅጉ በላቀ ሙቀት የሚለሰልስ አክሪሊክ መምረጥ መፍትሄው ነው። መጨማደድን የሚከላከል ሬዚን የተሰጠው ጨርቅ የዓሣ ሽታ ካመጣ ደግሞ በቂ ሙቀት አላገኘምና፣ የስቴንተሩ ሙቀትና የቆይታው ጊዜ ሬዚኑን የሠራው ፋብሪካ ባዘዘው መጠን ተስተካክሎ፣ ጨርቁ ታጥቦ ሽታው መጥፋቱ መታየት አለበት።