«ደገመ» የሚለው ግስ ምን ማለት ነው? ፍቺውንና ምንጩን የመፈለጊያ መንገድ

«ልጅዎ ደገመ» የሚል ወሬ ለአስኳላ ተማሪ አባት ሐዘን ነው፤ ልጃቸውን የኔታ ዘንድ ለሰደዱ አባት ግን ደስታ ነበር፤ የመጀመሪያው ልጅ የደገመው ክፍል ሲሆን ሁለተኛው የደገመው ዳዊት ነውና። ስለዚህ የዚህን ግስ ፍቺ የሚፈልግ ሰው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት «ምንን ደገመ?» ብሎ ይጠይቅ።

ቀጥሎ በአፍ የሚባሉትን ነገሮች ከነግሶቻቸው ጎን ለጎን ይጻፉ። ዳዊት ይደገማል፤ ጸሎት ይደረሳል፤ ቁርአን ይቀራል፤ ቅኔ ግን ባለቅኔው በዚያው ሰዓት የሚያፈልቀው በመሆኑ ይዘረፋል ይባላል እንጂ ይደገማል አይባልም። ከዚህ ንጽጽር ብቻ እንኳ «ደገመ» አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ ሌላ ሰው የተናገረው ቃል እንደሚፈልግ ይታያል።

ምንጩን ለማግኘት ደግሞ (ይህችም «ደግሞ» የዚያው ግስ ልጅ ናት) ቅጥያዎቹን ያራግፉ። ደገመ፣ ይደግማል፣ መድገም፣ ደጋሚ ከሚሉት ሁሉ የሚቀሩት ደ፣ ገ እና መ ናቸው፤ ግሱም በግዕዝ ያው «ደገመ» ነው። ከዚያ ቤተ ዘመዱን ይሰብስቡ፦ ዳግም፣ ዳግማዊ፣ ሕጉ ሁለተኛ የተነገረበት ኦሪት ዘዳግም፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው እሑድ ዳግም ትንሣኤ። የሁሉም መሠረት «ሁለተኛ» ነው። እንግዲህ ዳዊት መድገም ማለት አንድ ጊዜ የተባለውን እንደገና ማሰማት ነው። ድግምትም ከዚሁ ይወለዳል፤ ስሙ ቢከፋም ሥሩ ከጸሎቱ ሥር አይለይም።

ማረጋገጫ ከፈለጉ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ይመልከቱ፤ ነገር ግን መጽሐፉ የሚሄደው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ስለሆነ «ደ»ን መሐል ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያ፣ አራተኛ ፊደል ላይ ይፈልጉት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ደገመ»ን በቀጥታ «በቃሉ አጥንቶ ተናገረ» ብለው ሲፈቱት ነው። በእኔ ግምት ግሱ ራሱ ስለ ማስታወስ አንዳች አይናገርም። በቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ከመጽሐፉ የሚያነቡትን እናት ብንጠይቃቸው «ዳዊት እየደገምኩ ነው» ይላሉ፤ መጽሐፉን ዘግተው ቢቀጥሉም ቃሉ አይለወጥም። የማስታወሱን ነገር የሚሸከመው «በቃል» የሚለው ነው፦ በቃሉ ያዘ፣ በቃሉ ደገመ። ስለዚህ ከባዕድ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ማስታወስ የግድ ከሆነበት «በቃል»ን መጨመር አለበት።

በመጨረሻም በመልክ የሚመሳሰሉ ግሶችን ይለዩ። ቁርአን «ቀራ» የምንለው ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «ቁርአን» የሚለው ስምም ከዚያው ሥር ነው። «ቀረ» ግን ሌላ ግስ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ በአንዳንድ መልካቸው አይለያዩም፦ ይቀራል፣ ይቀራል፤ ቀርቶ፣ ቀርቶ። በዚህ ጊዜ ወደ አርእስቱ (በ«መ» ወደሚጀምረው የግሱ ስም) ይመለሱ፤ አንደኛው መቅራት፣ ሌላው መቅረት ነው።