ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ፦ በባቡር ጭነት ሥራ ከውጭ ኩባንያ ጋር ሽርክና ስትገቡ

አክሲዮን ከመከፋፈላችሁ በፊት የምትገቡበትን ሥራ ለዩ። ሐዲድ መዘርጋት፣ ባቡር ማንቀሳቀስ እና የደንበኛን ጭነት ተረክቦ ማስተላለፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የደብረ ብርሃንም ሆነ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ አቅሙ የሚፈቅድለት አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 ገደብ አለው፤ የውጭ ባለሀብት በጭነት አስተላላፊነት የሚገባው ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምሮ ሲሆን፣ ድርሻውም ከ49 በመቶ አይበልጥም። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ደግሞ በጣምራ ሲገባ ቢያንስ 150,000 ዶላር ማምጣት አለበት። ደንብ ስለሚሻሻል በምትፈርሙበት ሰሞን ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ጣጣው ያለው በእናንተ እጅ መቅረት ባለበት 51 በመቶ ላይ ነው። የውጭ ዜጋ ድርሻ ያለበት ድርጅት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት አይቆጠርምና የእናንተን ወገን ሊሞላ አይችልም። ሌላው ጣጣ ካፒታል ሲያድግ የሚመጣው ነው። ድርጅቱ በ20 ሚሊዮን ብር ተቋቋመ እንበል፤ የእናንተ 10.2፣ የእነሱ 9.8 ሚሊዮን። በኋላ 10 ሚሊዮን ተጨምሮ እናንተ 4.5 ብቻ፣ እነሱ 5.5 ቢያዋጡ፣ የውጭው ድርሻ 15.3 ሚሊዮን፣ ማለትም ከ30ው 51 በመቶ ይሆናል። ሳይታወቃችሁ ገደቡ ታለፈ ማለት ነው። ስለዚህ «የካፒታል ጭማሪ የውጭውን ድርሻ ከ49 በመቶ በላይ ካደረገ አይጸድቅም» የሚል አንቀጽ መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ። ሥራ አስኪያጅ የሚሾመው ማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ፤ 51 በመቶ ይዞ ሹመት ላይ ድምፅ የሌለው ሰው ባለቤት ነኝ ባይል ይሻለዋል።

የውጭ ኩባንያ ያለ አክሲዮንም ሊገባ ይችላል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር አክሲዮን ማኅበር 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ ነው፤ ባቡሩን ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2024 በውል ያንቀሳቅሱ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው።

«ፉርጎ ከውጭ እናመጣለን» ካሏችሁ የሐዲዱን ስፋት ጠይቁ። አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊሜትር፣ የድሮው የፈረንሳዮች መስመር 1,000 ሚሊሜትር ስለሆነ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም።

የጭነት ሂሳቡን በማሾ እዩት። 50 ኪሎ የሚይዝ 480 ጆንያ 24 ቶን ነው፤ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን ድምሩ 26 ቶንን ያልፋል። ደብረ ብርሃን ሐዲድ የላትም፤ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመርም የተዘረጋው በቆላው በኩል ነው። ሐዲድ መነጠፉና ባቡር መመላለሱ ለየቅል ናቸውና በዚያ መስመር ልጫን ከማለታችሁ በፊት የጭነት አገልግሎት መጀመሩን በጽሑፍ አረጋግጡ። ካልሆነ ይህ ሁሉ ጭነት በመኪና በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ ወዳሉት የኢንዶዴ ወይም የሞጆ ጣቢያዎች ደርሶ እንደገና ወደ ባቡር ይዛወራል። የሁለተኛውን ማራገፊያና መጫኛ ማን እንደሚከፍል፣ ባቡር ሲዘገይ የኮንቴይነር ኪራይ በማን ላይ እንደሚወድቅ በብርና በቀን ለይታችሁ ውሉ ላይ አስፍሩ።