ለጥገኝነት ኬዝ የሥነ ልቦና ኢቫሉዌሽን ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ሰነድ የለም። የታሰረበት ጣቢያ ወረቀት አልሰጠውም። ቁስሉን ያየለት ክሊኒክ ካርዱን አላስቀመጠም። ሊመሰክሩለት የሚችሉት ሰዎች አገር ቤት ናቸው፤ ስማቸው እንዲነሳም አይፈልጉም። ጠበቃው «የሥነ ልቦና ኢቫሉዌሽን እናሠራ» የሚለው ለዚህ ነው። ባለሙያው ሰውየውን ለሰዓታት አነጋግሮ፣ የደረሰበት ነገር አእምሮው ላይ ምን እንዳስቀረ ለኢሚግሬሽን ዳኛው ወይም ለአሳይለም ኦፊሰሩ በጽሑፍ ያስረዳል። በደንብ የተሠራ ሪፖርት ኬዙን ደግፎ ያቆማል፤ በግድየለሽነት የተሠራው ደግሞ ጭራሽ ባይቀርብ ይሻላል። በአስተርጓሚነት አብሬ ስቀመጥ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች እዚህ ላስቀምጥ።

ጠበቃው ሳያውቅ ቀጠሮ መያዝ

ጓደኛ የሰጠው ስልክ ላይ ደውሎ፣ ከፍሎ፣ ሪፖርቱን ይዞ ጠበቃ ጋ የሚሄድ ሰው አለ። ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያስበላል፤ ምክንያቱም ባለሙያው የሕጉ ጥያቄ ምን እንደሆነ አልተነገረውም። ሕጉ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አሜሪካ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲያመለክት ያዛል። ከባድ ሕመም ወይም የአእምሮ ጉዳት ግን መዘግየቱን ሊያስረዱ ከሚችሉ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። እንግዲህ 3 ዓመት የዘገየ ሰው ሪፖርቱ ስለ ቅዠቱና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ 10 ገጽ ጽፎ፣ በእነዚያ 3 ዓመታት ከቤት መውጣትና ስለ ጉዳዩ ማንሳት ለምን እንዳቃተው አንድ መስመር ከሌለው፣ የሚያስፈልገው ነገር ቀርቷል ማለት ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ በደብዳቤ የሚያስቀምጠው ጠበቃው ነው። ሪፖርቱ በጠበቃው በኩል ሲሠራ ደግሞ ይቅረብ ወይስ ይቅር የሚለውን አስቦበት ይወስናል።

ባለሙያውን እንደ ሐኪምዎ ማየት

ኢቫሉዌሽን ሕክምና አይደለም። ባለሙያው የሚቀመጠው ሊያድንዎ ሳይሆን የሰማውንና ያየውን ገለልተኛ ሆኖ ሊጽፍ ነው፤ ሪፖርቱን ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ገለልተኝነት ነው። ለእሱ የነገሩት ነገር ሪፖርቱ ላይ ሊወጣ፣ የመንግሥት ጠበቃም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ገና ሲጀመር «የምናገረውን ማን ያየዋል?» ብለው ይጠይቁ። የሚያክምዎ ቴራፒስት ካለዎት እሱ ስለ ሕክምናው የሚጽፈው ደብዳቤ ጠቃሚ ነው፤ ግን የኢቫሉዌሽኑን ቦታ አይተካም።

ይህን ሳያውቁ የገቡ ሰዎች ሪፖርቱን ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። «ተሠቃይቷል ብሎ ለምን በቀጥታ አልጻፈም?» ይላሉ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚከተሉት የኢስታንቡል ፕሮቶኮልን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተባበሩት መንግሥታት ቀርቦ በ2022 የታደሰ የቶርቸር ምርመራ መመሪያ ነው። መመሪያው የሚጠይቀው ምልክቶቹ ከተነገረው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣሙ በደረጃ እንዲቀመጥ ነው፦ አይጣጣምም፣ ይጣጣማል፣ በእጅጉ ይጣጣማል፣ እያለ ይሄዳል። «በእጅጉ ይጣጣማል» የሚል ቃል ከባለሙያ ሲወጣ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያጋንነው አይጫኑት።

ታሪክ ሸምድዶ መቅረብ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በእውነት የተጎዳ ሰው በሰው ምክር እውነቱን ሲያበላሽ። «አልቅስ፣ ሁሉንም አዎ በል» የሚል መካሪ አይጠፋም። ባለሙያው የሚያቀርባቸው መጠይቆች አሉ፤ ለምሳሌ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ጭንቀትን የሚለካው ፒሲኤል-5 የተባለው 20 ጥያቄ አለው፣ የሃርቫርድ ትራውማ መጠይቅም ይሠራበታል። ሃያውንም «እጅግ በጣም» ብሎ የሞላ ሰው ይታወቃል፤ ምክንያቱም እውነተኛ ሕመም ወጣ ገባ ነው። አንዱ ቅዠት ያስጮኸዋል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ሌላዋ እንቅልፍ አላት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስታይ ግን እግሯ ይከዳታል። ያለዎትን በልኩ ይንገሩ፤ የሌለዎትን «የለኝም» ይበሉ።

«አላስታውስም» ማለትም መልስ ነው። የተደበደበ ሰው የመጀመሪያውን በትር አስታውሶ የስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ሊጠፋው ይችላል። ባለሙያው ይህን ያውቀዋል፤ ለዳኛው የሚያስረዳውም አንዱ ነገር ይኸው ነው። ክፍተቱን በግምት ከሞሉት ግን ግምቱ እንደ እውነት ተጽፎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪል አይዲ ሕግ፣ የኬዙን ልብ የማይነካ ትንሽ አለመጣጣም እንኳ ተዓማኒነትን ለመመዘን እንዲያገለግል ለዳኛው ፈቅዷል። እያወቀ የፈጠራ ማመልከቻ ያቀረበ ሰው ደግሞ ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። በገንዘብ የሚሸጥ ታሪክ ከቀረበልዎ ይሽሹት።

ሆድ ይፍጀው ማለት

የማጋነን ተቃራኒው በእኛ ዘንድ እጅግ የበዛ ነው። አስገድዶ መደፈርን እናት ለልጇ አታወራም፤ እስር ቤት ውስጥ የተደፈረ ወንድ ደግሞ ለሚስቱም ለንስሐ አባቱም ሳይናገር ዓመታት ያልፋሉ። ፎርሙ ሲሞላም ስላልተነገረ ከጽሑፉ ይቀራል። ከዚያ ዳኛ ፊት ድንገት ሲነሳ የመንግሥት ጠበቃ «ያኔ ለምን አላነሳኸውም?» ይላል። ይህን ጥያቄ ከሁሉ አሳምሮ የሚመልሰው የባለሙያ ሪፖርት ነው፤ ሰው ለምን እንደሚሸሽገው፣ ማፈሩ የጉዳቱ ክፍል መሆኑን ያስረዳል። ግን እንዲያስረዳ መጀመሪያ መስማት አለበት። ለመናገር የሚቀልዎት ለሴት ወይም ለወንድ ባለሙያ ከሆነ ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ አሳፋሪ ጥያቄ አይደለም።

ሌላው የሚደበቀው የቀድሞ ነገር ነው። በልጅነት የደረሰ በደል፣ የሞተ ልጅ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ራስን ለማጥፋት ያሰቡበት ጊዜ። «እብድ ነው ብለው ይመልሱኛል» የሚል ፍርሃት አለ። ድባቴ ወይም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ጭንቀት አለብዎት መባሉ ብቻውን ጥገኝነት አያስከለክልም። ባለሙያው የቀድሞውን ሐዘን ከእስሩ ጉዳት ለይቶ ማስቀመጥ የሚችለው ሁለቱንም ካወቀ ነው። ራስን ስለ ማጥፋት የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ ኬዙን ተዉትና ዛሬውኑ ይናገሩ፤ አሜሪካ ውስጥ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

እዚህ ላይ ስለ ክፍሉ ልጨምር። በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ማዕከላዊን ያየ ሰው፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ሰው እየጻፈ ሲጠይቀው ምን እንደሚያስታውሰው ግልጽ ነው። በሩን የሚያይ ወንበር መጠየቅ ይችላሉ። «ትንሽ ልውጣ» ማለትም ይችላሉ። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ አይሂዱ። ፓርኪንግ ሲሠራ ያደረ ሰው ሦስተኛው ሰዓት ላይ ድካሙ አሸንፎት «በቃ እንደዛ ነው» እያለ ሲመልስ አይቻለሁ፤ የተጻፈለትም እንደዚያው ሆነ።

ዘመድን አስተርጓሚ ማድረግ

ልጅዎ፣ ባለቤትዎ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅዎ አያስተርጉም። እነሱ ባሉበት የማይነገር ነገር አለ። በፍቅር ብለው የሚያለዝቡትና የሚጨምሩትም አለ። ከተማዎ ትንሽ ከሆነና የመጣውን አስተርጓሚ ካወቁት፣ ሌላ ሰው በስልክ እንዲያስተረጉም ይጠይቁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብለው ያለ አስተርጓሚ መግባትም አይመከርም፤ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም።

ቀንና ሰዓትን ሳያስተካክሉ መናገር

የስንቱን ኬዝ ያመሰው ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ኅዳር 2009 የታሰረ ሰው በፈረንጆቹ የታሰረው 2016 ላይ ነው። 8 ጨምሮ 2017 ካለ በአንድ ዓመት ሳተ፤ ፎርሙ ላይ 2016 ተጽፎ ሪፖርቱ 2017 ካለ ደግሞ የመንግሥት ጠበቃ አያልፈውም። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያሉት ካልተቀየረ በፈረንጆቹ 8 ፒኤም፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንደመጡ ተደርጎ ይጻፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በለመዱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገሩ፣ በኢትዮጵያ መሆኑንም ጮክ ብለው ይግለጹ፣ ቅየራውን ጠበቃዎና አስተርጓሚው አብረው ያረጋግጡ።

ረቂቁን ሳያነቡ ማሳለፍ

ሪፖርቱ ተፈርሞ ከመግባቱ በፊት ጠበቃዎ ረቂቁን በአማርኛ ቃል በቃል እንዲያስነብብልዎ ይጠይቁ። የወንድምዎ ስም፣ የጣቢያው ስም፣ ስንት ጊዜ እንደታሰሩ፣ ማን ቀድሞ እንደተያዘ፤ እነዚህን ከማመልከቻው ፎርምና ከራስዎ የጽሑፍ ቃል ጎን አስቀምጠው ያስተያዩ። የተሳሳተ መረጃ ካለ ለጠበቃዎ ይንገሩ፣ ባለሙያው ያርመዋል። የባለሙያውን አስተያየት ግን እንዲቀይር አይጠየቅም።

እስከ መጨረሻው ማዘግየት

ቀጠሮ ለማግኘት፣ ለመነጋገር፣ ለመጻፍና ለማረም ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም ማስረጃ የሚገባበትን ቀን ቀድሞ ይቆርጣል። ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረትም ትክክል አይደለም። ፊዚሺያንስ ፎር ሂውማን ራይትስ የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ያሠለጠናቸው ሐኪሞች በጠበቃ በኩል ሲጠየቁ በነፃ ይሠራሉ። አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ለጥገኝነት ጠያቂዎች ክሊኒክ አላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላለ ሰው ደግሞ ሲስተር ዳያና ኦርቲዝ እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት ታስክ አለ፤ ከቶርቸር የተረፉ ሰዎችን የሚረዳ ድርጅት ሲሆን የእኛን ሰው በብዛት ያውቃል።

በሌላ በኩል፣ የፍርድ ቀን ተላልፎ ተላልፎ ሪፖርቱ ዓመታት ካስቆጠረ ባለሙያው እንደገና አነጋግሮዎት አጭር ማሟያ እንዲጽፍ ጠበቃዎ ይጠይቅ። ሲጠይቀውም አንድ ነገር አብሮ ያረጋግጥ፦ ዳኛው ወይም የመንግሥት ጠበቃ ጥያቄ ቢኖራቸው ባለሙያው በአካል ወይም በቪዲዮ ቀርቦ ለመመስከር ፈቃደኛ ነው ወይ? ይህን የፍርዱ ሳምንት ከመጠየቅ መጀመሪያ ባለሙያው ሲመረጥ መጠየቅ ይሻላል።